ቀይ ስርን በጓሮ ማልማት፦ ከዘር እስከ ነቀላ፣ ከተባይና ከበሽታ ጋር

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀይ ስር ስዘራ ቅጠሉ ጉድ ያሰኝ ነበር። ለምለም፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ያየው ሁሉ «እጅህ ይባረክ» የሚለው። ከሁለት ወር በላይ ጠብቄ ስነቅለው ግን ከታች የወጣችው ጣት የምታህል ጭራ ነች። ሁለተኛውን ነቀልኩ፤ ያው። ሦስተኛውም ያው። ዘሩ ደህና ነበር፣ አፈሩም ደህና ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳላሳሳው፣ ማለትም የተጨናነቀውን ችግኝ ሳልቀንስለት ነው የተውኩት።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ዘርቼ አንድ ነገር ገብቶኛል። ቀይ ስር የሚሳካውም የሚከሽፈውም በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ነው። ተባዩና በሽታውም ቢሆን ብዙው የሚያልቀው በመርጫ ሳይሆን በጣትና በዓይን ነው። ስለዚህ እዚያ እዚያ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

## ዘሩን ማወቅ

ያ ሸካራ፣ እብጥብጥ ያለ ነገር አንድ ዘር አይደለም። ደርቀው የተጣበቁ ፍሬዎች ናቸው፤ ውስጡ ከ2 እስከ 5 ዘር ይይዛል። አንዱን ቀብራችሁ ሦስት አራት ችግኝ ተቃቅፎ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው። የኔን መደብ ቅጠል ብቻ ያደረገውም ይኸው ነው። አንድ አንድ ችግኝ ብቻ እንዲያወጡ ተደርገው የተሻሻሉ ዝርያዎችም አሉ። እነሱን ካገኛችሁ ግማሽ ሥራ ቀለለላችሁ።

ለጀማሪ የምመክረው ዲትሮይት ዳርክ ሬድን ነው። ክብ ነው፣ ውስጡ ድፍን ቀይ ነው፣ ብዙ አያስቸግርም። ሲሊንድራ ረዘም ያለ ስለሆነ ሲከተፍ እኩል እኩል ይወጣል፤ ግን ጠለቅ ያለ ልል አፈር ይፈልጋል። ቦልታርዲ ቶሎ ወደ አበባ አይሮጥም። ኪዮጃ የሚባለው የጣሊያን ዝርያ ሲቆረጥ ነጭና ሮዝ ቀለበት ነው። ተፈጥሮው ነው፤ በሽታ መስሏችሁ እንዳትጥሉት። ቢጫዎቹ ዝርያዎች እጅና መክተፊያ አያቀልሙም፤ አበቃቀላቸው ግን ደከም ስለሚል ዘሩን ጨመር አድርጉ።

ሌላም ነገር አለ። ቀይ ስርና ቆስጣ አንድ ተክል ናቸው። አንዱ ለሥሩ፣ ሌላው ለቅጠሉ ተመርጦ ነው የተራባው። ስፒናችም የቅርብ ዘመዳቸው ነው። ይሄን ያዙልኝ፤ ተባይ ላይ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

## መቼ ይዘራ?

ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል። ቀኑ ከ15 እስከ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ጣዕሙም ቀለሙም ያምራል። ሙቀቱ በተከታታይ ከ27 ዲግሪ ሲያልፍ ውስጡ ነጫጭ ቀለበት ያወጣል፤ ጣፋጭነቱም ይቀንሳል።

ቀለል ያለ ውርጭ አይገድለውም። ግን ብርድም የራሱ ጣጣ አለው። ቀይ ስር የሁለት ዓመት ተክል ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ሥር ይሠራል፣ ብርዱን ካለፈ በኋላ ያብባል። ገና ለጋ ሳለ ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ሁለት ሦስት ሳምንት ከቆየበት የብርዱ ወቅት ያለፈ ይመስለዋል። ግንድ አውጥቶ ወደ አበባ ይሄዳል፣ ሥሩም እንጨት ይሆናል። አንዴ ግንድ ካወጣ መመለሻ የለውም፤ ነቅላችሁ ቦታውን ለሌላ ስጡት።

ዘሩ አፈሩ 5 ዲግሪ ሲሆንም ሊበቅል ይችላል፣ ግን እያቃሰተ ነው። 10 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። 20 ሲደርስ በሳምንት አካባቢ ብቅ ይላል። ሁሉንም በአንድ ቀን ከመዝራት በየሦስት ሳምንቱ አንድ አንድ መስመር ብትዘሩ ሳይጠነክርባችሁ እየነቀላችሁ ትበላላችሁ።

## 1. አፈሩን ማሰናዳት

በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። ከ25 እስከ 30 ሳ.ሜ. ቆፍራችሁ ድንጋዩን፣ ጓሉንና የቆየውን ሥር ልቀሙ። ሥሩ ድንጋይ ሲገጥመው ይጎብጣል፤ አንዳንዴም እንደ ሱሪ ለሁለት ይከፈላል። ውሃ የሚያቁር አፈር ከሆነ መደቡን ከ15 እስከ 20 ሳ.ሜ. ከፍ አድርጉት።

በደንብ የበሰለ ኮምፖስት 5 ሳ.ሜ. ያህል አልብሳችሁ ቀላቅሉት። ትኩስ ፍግ ግን በፍጹም አይሆንም። ሥሩን ያንጨፈርረዋል፣ ቅጠል ብቻ ያበዛል። ፍግ ካላችሁ ከዚህ በፊት ለሚዘራው ሰብል ስጡት።

አሲዳማ አፈር አይስማማውም። ፒኤቹ (የአሲዳማነት ልኩ) ከ6.5 እስከ 7 ሲሆን ደስ ይለዋል፤ ከ6 ሲወርድ ይቀጭጫል። ለክታችሁ አሲዳማ ከሆነ ከመዝራታችሁ ሁለት ሦስት ወር በፊት የግብርና ኖራ ጨምሩ። የእንጨት አመድም ያግዛል፤ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ እፍኝ ይበቃል። አመድ ጥሩ ነው ተብሎ በየሳምንቱ የሚበትን ሰው አይቻለሁ። ያ አፈሩን ወደ ሌላኛው ጫፍ ይወስደዋል። ያን ጊዜ ቦሮን የሚባለው ማዕድን ለተክሉ አይደርሰውም። መዘዙን በኋላ እነግራችኋለሁ።

## 2. መዝራት

ዘሩን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ሽፋኑ ይለሰልሳል፤ እንዳይበቅል የሚያዘገየው ነገርም ታጥቦ ይሄዳል። ከ12 ሰዓት በላይ ግን አታቆዩት፣ አየር ያጣል። ዘሩ በመድኃኒት ታሽቶ ቀለም የተቀባ ከሆነ ሳትዘፈዝፉ፣ በጓንት ዝሩት።

መስመሮቹ በ30 ሳ.ሜ. ይራራቁ። ጥልቀቱ ከ1.5 እስከ 2.5 ሳ.ሜ. ይሁን፤ በየ5 ሳ.ሜ. አንድ አንድ ጣሉ። አልብሳችሁ በመዳፍ ጫን ጫን አድርጉትና በወንፊት ማጠጫ ቀስ ብላችሁ አጠጡ።

ከዚህ በኋላ እስኪበቅል ድረስ የላይኛው አፈር አይድረቅባችሁ። ደርቆ ቅርፊት ከሠራ ለጋው ቡቃያ ሊሰብረው አይችልም፤ ሰውም «ዘሩ ደካማ ነው» ይላል። እርጥብ ጆንያ ማልበስ ጥሩ ዘዴ ነው። ቡቃያ ባያችሁበት ቀን ግን ወዲያው አንሱት። ለጋ ቡቃያ ለወፍ ማዕድ ነው፤ መረብ ካላችሁ በዚያው ቀን አልብሱት።

ሌላ ቦታ አፍልቶ ማዛወርም ይቻላል። እኔ አልወደውም። ዋናው ሥር አንዴ ከተጣመመ ተጣሞ ይቀራል።

## 3. ማሳሳት

እንግዲህ ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ችግኙ ከ5 እስከ 8 ሳ.ሜ. ሲደርስና ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የፍልቅ ቅጠሎች በተጨማሪ ሁለት ሦስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ጊዜው ደርሷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳል። የዘሩትን በገዛ እጅ መቁረጥ ያሳዝናል፣ አውቀዋለሁ። ግን አራቱንም አሳድጋለሁ ያለ አንዱንም አይበላም።

የመጀመሪያው ዙር እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ እቅፍ ጠንካራውን አንድ ምረጡ። የቀሩትን በትንሽ መቀስ ከአፈሩ ጋር አስተካክላችሁ ቁረጡ። አትንቀሉ። ሥሮቻቸው ተጠላልፈዋል፤ አንዱን ስትስቡ የምታስቀሩት ይላላል። የተቆረሰ ሥር ደግሞ ለሻጋታ ክፍት በር ነው። ከዚህ ዙር በኋላ በመካከላቸው 5 ሳ.ሜ. ያህል ይቅር።

ሁለተኛው ዙር ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሥሩ ብይ ሲያክል ነው። አሁን አንድ አንድ እየዘለላችሁ ንቀሉ፤ ርቀቱ ከ8 እስከ 10 ሳ.ሜ. ይሁን። ትልልቅ ሥር የሚፈልግ እስከ 15 ያድርሰው። የነቀላችሁትን አትጣሉ። ቅጠሉም ሥሩም ያን ጊዜ ነው የሚጣፍጠው።

ሁለቱንም ዙር ወደ ማታ፣ አፈሩ ረጠብ ሲል ሥሩና ሲያልቅ ውሃ አጠጡ። የላላው ሥር ከአፈሩ ጋር ይጣበቃል።

## 4. ውሃና አረም

በሳምንት ለካሬ ሜትር 25 ሊትር ያህል ይበቃዋል። አሸዋማ አፈር ከሆነ ለሁለትና ለሦስት ቀን ክፈሉት። ከመጠኑ ይልቅ አለማቋረጡ ነው የሚጠቅመው። ሳምንት ሙሉ አድርቃችሁ በአንድ ቀን ብታጥለቀልቁት ሥሩ ይሰነጠቃል። ሲጠማ የኖረ ደግሞ ክር ክር ይላል። በችግኞቹ መካከል ደረቅ ሣር ብትጎዘጉዙ እርጥበቱ ይቆያል፣ አረሙም ይቀንሳል።

አረሙን በእጅ ንቀሉ፤ በተለይ ገና ትንንሽ ሳሉ። ዶማ ጠልቆ ከገባ ሥሩን ያቆስላል። የሥሩ ትከሻ ከአፈር ብቅ ሲል በፀሐይ ይሻክራል፤ ትንሽ አፈር አስጠጉለት።

ማዳበሪያ ላይ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሉ ይፈነድቃል፣ ሥሩ ይቀራል። መሐል ላይ አንዴ ኮምፖስት ከጎን ጨመር ማድረግ ይበቃል።

## 5. ተባይ

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት፣ አምስት ደቂቃ ለመደቡ ስጡት። ቅጠሉን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ከላይ ብቻ የሚያይ ሰው ተባዩን የሚያገኘው ከበላ በኋላ ነው።

ቀይ ስርን በጣም የሚያውቀው ተባይ ቅጠል ሰርሳሪው ዝንብ ነው። እናቲቱ ግራጫ ትንሽ ዝንብ ነች፤ የቤት ዝንብ ትመስላለች። ቅጠሉ ጀርባ ላይ ነጫጭ፣ ረዘም ያሉ እንቁላሎች ጎን ለጎን ትደረድራለች። በጥቂት ቀን ውስጥ ይፈለፈላሉ። እጮቹ ወዲያው የቅጠሉን ሁለት ገጽ ከፍለው መሐሉ ይገባሉ። መጀመሪያ ጠመዝማዛ ቀጭን መስመር ታያላችሁ፤ ቆይቶ መስመሩ ሰፍቶ የተቃጠለ ወረቀት የመሰለ ጠባሳ ይሆናል። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ብታነሱት ውስጡ የሚንቀሳቀሰው ትል ይታያል።

ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ መርጫ ያነሳል። የሚረጨው ላይ ላዩን ነው፤ ትሉ ያለው ውስጥ ነው። የሚሠራው እጅ ነው። እንቁላሉን በአውራ ጣት ጨፍልቁት። ጠባሳው ገና ትንሽ ከሆነ በሁለት ጣት ጨምቃችሁ ትሉን ግደሉት፣ ቅጠሉ ይኑር። ሰፍቶ ከሆነ ቅጠሉን ቆርጣችሁ ከጓሮው አስወጡት። ኮምፖስት ክምር ላይ አትጣሉት፤ ትሉ እዚያው ያድጋል። ለሥሩ ብላችሁ የዘራችሁት ከሆነ ጥቂት ቅጠል ቢበላ አትደንግጡ፣ ሥሩ አይጎዳም።

ከሁሉ የሚሻለው ዝንቧ እንዳታርፍ በዘራችሁበት ቀን ደቃቅ መረብ ማልበስ ነው። አንድ ወጥመድ አለ ግን። ትሉ ሲያድግ አፈር ውስጥ ገብቶ ሙሽሬ ይሆናል፤ ዝንብ ሆኖ እስኪወጣ እዚያው ተኝቶ ይቆያል። ባለፈው ወቅት ቀይ ስር፣ ቆስጣ ወይም ስፒናች በነበረበት መደብ ላይ መረብ ብትዘረጉ ዝንቡ ከውስጥ ይፈለፈልና አብራችሁ ትቆልፉበታላችሁ። ዘመዳሞቹን አስታውሱ ያልኩት ለዚህ ነው። አመድማዶ የሚባለው አረምም ከዚሁ ቤተሰብ ስለሆነ ለዝንቧ ማረፊያ ነው፤ ከመደቡ ዙሪያ አጥፉት።

ክሽክሽ ሁለተኛው ነው። ለጋውን ቅጠል ጀርባ ወርሮ ይመጠምጣል፣ ቅጠሉም ይጨማደዳል። ቫይረስም ያዛምታል። ጉንዳን መደቡ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ክሽክሽ ፈልጉ፤ ጉንዳኑ ጣፋጭ ፈሳሹን ሊልስ ነው የመጣው። መጀመሪያ በጠንከር ያለ ውሃ አጥባችሁ ጣሉት። ካልሆነ ለ1 ሊትር ውሃ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ቀላቅላችሁ የቅጠሉን ጀርባ እስኪረጥብ ርጩ። ሳሙናው የሚሠራው ነፍሳቱን ሲነካ ብቻ ነው። በጠራራ ፀሐይ አትርጩ፣ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ትንሽ ጥንዚዛ ካያችሁ ደግሞ ተዉት። እሷም እጮቿም ክሽክሽ ነው የሚበሉት።

ቅጠሉ በመርፌ የተወጋ ይመስል ከተበሳሳ፣ ስትነኩትም ጥቃቅን ጥቁር ነገር እንደ ቁንጫ ከዘለለ፣ ቁንጫ መሰሏ ጥንዚዛ ነች። ትልቅ ተክል ይችላታል። ችግኝ ግን ትጨርሳለች፤ መረቡ እዚህም ያገለግላል።

ጠዋት ስትወጡ ችግኙ ከአፈሩ አፋፍ ተቆርጦ ከተጋደመ ቆራጭ ትል ነው። ማታ ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። ከተቆረጠው አጠገብ ሁለት ሦስት ሳ.ሜ. ጫር ጫር ብታደርጉ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ቀንድ አውጣም የሌሊት ነው፤ በባትሪ ወጥቶ መልቀም ነው። ቅጠል በላ አባ ጨጓሬ ከበዛና በእጅ ለቅማችሁ ካልጨረሳችሁት ቢቲ የሚባለው ባክቴሪያ ይሠራበታል፣ ትሎቹ ገና ትንንሽ ሳሉ ከተረጨ።

ተክሉ ያለ ምክንያት ቀጭጮ ቀትር ላይ እየጠወለገ ከሆነ አንዱን ነቅላችሁ ቀጫጭን ሥሮቹን እዩ። ትንንሽ እባጭ ካለባቸው ኔማቶድ የሚባል በዓይን የማይታይ የአፈር ትል ነው። በዚህ ወቅት ምንም አታደርጉለትም። ለቀጣዩ ጊዜ የእህል ዘር ዝሩበት፤ ወይም መደቡን አርጥባችሁ በሞቃቱ ወቅት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ሸፍኑት።

ኬሚካል ግድ ከሆነ ለቀይ ስር የተፈቀደ መሆኑንና ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለባችሁ ጠርሙሱ ላይ አንብቡ። ቅጠሉንም የምትበሉ ከሆነ ይሄ ቀልድ አይደለም።

## 6. በሽታ

ነጠብጣብ የያዘ ቅጠል ተመልሶ አይድንም። የሚረጨው ሁሉ አዲሱን ቅጠል ለመከላከል ነው። ይሄን ካወቃችሁ ብዙ ገንዘብና ድካም ይቀርላችኋል።

የችግኝ መውደቅ መጀመሪያ ይመጣል። ለጋው ግንድ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ጠቁሮ ይቀጥንና ይዘነበላል። ውሃ የሚያቁር፣ ቀዝቃዛና የተጨናነቀ መደብ ይወደዋል። ውሃውን ቀንሱ፣ አሳሱ፣ የወደቀውን አውጡ።

ዋናው ግን ሰርኮስፖራ የሚባለው የቅጠል ነጠብጣብ ነው። ነጠብጣቦቹ ክብ ናቸው፣ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። መሐላቸው አመድማ፣ ጠርዛቸው ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነው። ሲበዙ ይገናኙና ቅጠሉ ይደርቃል። ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ይጀምራል። ሞቃትና እርጥብ አየር፣ በተለይ ሌሊቱም ሲሞቅ፣ እንደ እሳት ያሰራጨዋል። በዝናብና በውሃ ፍንጣቂ ከቅጠል ወደ ቅጠል ይዘላል። ስለዚህ ከላይ አታጠጡ፤ ከሥር፣ ጠዋት አጠጡ። የታመሙትን ቅጠሎች መደቡ ደረቅ ሲሆን ልቀሙ። ቅጠሉ ረጥቦ ሳለ መደቡ ውስጥ ከገባችሁ በሽታውን በእጃችሁ ታዞሩታላችሁ። የመዳብ ፈንገስ ማጥፊያ የሚጠቅመው ገና ጥቂት ነጠብጣብ ሲታይ ነው፤ መደቡ ከተቃጠለ በኋላ አትድከሙ።

ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ቅጠል ደረቅና ሞቃት ሲሆን ይመጣል፤ በድኝ ርጭት ይገታል። ከጀርባው ግራጫ ሻጋታ ያለው፣ መሐል ያሉት ለጋ ቅጠሎች ወፍረው የሚጠቀለሉበት ደግሞ ሌላ ነው፤ ቅዝቃዜና እርጥበት የሚወድ ሻጋታ ነው። ያንን ተክል ከነሥሩ አውጡት። ቅጠሉ ወደ ላይ ተጠቅልሎ፣ ደም ሥሩ አብጦ ተክሉ ከቀጨጨ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ሞቃትና ደረቅ ቦታ ላይ ዘላይ ነፍሳት ያመጡታል። መድኃኒት የለውም።

ሥሩ ላይ ሻካራ እከክ ብታዩ ላዩን ነው፤ ልጣችሁ ብሉት። ድንችንም የሚያሳክከው ዓይነት ባክቴሪያ ስለሆነ ቀይ ስርን ድንች ተከትላችሁ አትዝሩ።

አሁን ወደ ቦሮን። አንድ ዓመት ሥሩን ስቆርጥ መሐሉ ላይ ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ቡሽ የመሰለ ነገር አገኘሁ። ሻጋታ ነው ብዬ ፈንገስ ማጥፊያ ረጨሁ። ቀጣዩም እንደዚያው ወጣ። ለካ በሽታ አይደለም፤ የቦሮን እጥረት ነው። ጥቁር ልብ ይሉታል። ኖራና አመድ በበዛበት ወይም በደረቀ አፈር ላይ ይብሳል። የመሐል ለጋ ቅጠሎችም ተጣመው ይሞታሉ። ኮምፖስትና የማይቋረጥ ውሃ ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ካልሆነ ለ10 ካሬ ሜትር ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ያልበለጠ ቦራክስ የሚባለውን የቦሮን ጨው በብዙ ውሃ አሟሙታችሁ እኩል አዳርሱ። በዛ ማለት መርዝ ነው፤ በግምት አትጨምሩ፣ በየዓመቱም አትድገሙት።

## 7. መንቀልና ማስቀመጥ

ከተዘራ ከ50 እስከ 70 ቀን ይደርሳል። ቀኑን ከመቁጠር ትከሻውን እዩ። ከ4 እስከ 7 ሳ.ሜ. ሲሆን ንቀሉት፤ ከዚያ ባለፈ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል። ቅጠል ለመብላት ካማራችሁ ቀድማችሁም ቢሆን ከዳር ዳሩ አንድ ሁለት ቁረጡ፣ መሐሉን አትንኩ።

አፈሩን በመንሽ አላልታችሁ ሳቡት። ቅጠሉን ከሥሩ በላይ ከ2 እስከ 3 ሳ.ሜ. አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ የታችኛውን ጭራ አትንኩ። ከተቆረጠ ሲቀቀል ቀለሙ ሁሉ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ለማስቀመጥ ከሆነ አትጠቡት፤ አፈሩን አራግፉት ብቻ። የቆሰለውንና የተሰነጠቀውን ለይታችሁ ቶሎ ብሉት። ደህናውን በረጠበ አሸዋ ወይም በሰጋቱራ ደርድራችሁ 0 ዲግሪ አካባቢ፣ እርጥበት ያለው ጨለማ ቦታ ብታኖሩት ወራት ይቆያል። ብዙ የበላ ሰው በማግስቱ ሽንቱ ቀልቶ ሊደነግጥ ይችላል። አንዳንድ ሰው ላይ የሚታይ የቀለሙ ነገር ነው፤ አስቀድማችሁ ንገሩት።

መደቡ ባዶ ሲሆን የረገፈውን ቅጠል ሁሉ ጥረጉ፤ ሰርኮስፖራ እዚያ ላይ ነው የሚከርመው። ቀይ ስርንም ቆስጣንም ስፒናችንም ሦስት ዓመት ሳይሞላ እዚያ መደብ ላይ አትመልሱ። ባቄላ ወይም ሽንኩርት ይተካው። የዘራችሁበትን ቦታና ቀን ደብተር ላይ ጻፉ። በሦስተኛው ዓመት የትኛው መደብ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው እስካሁን አላየሁም።